የኢቃማ ቅጂ በሰው እጅ፦ በጂዛንና በድንበር ከተሞች የግል መረጃን የማስመለስ መብትና ወሰኑ

የሳዑዲ ዓረቢያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ መሆን የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ነው። ሕጉ ዜጋና የውጭ አገር ሰው ሳይለይ በአገሪቱ ለሚኖር ሁሉ መብት ሰጥቷል። ስሙን፣ ስልኩን፣ ፎቶግራፉን ወይም የመታወቂያውን ቅጂ የያዘበት ድርጅት ምን ምን እንደያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ አስፈላጊነቱ ያበቃውን ደግሞ እንዲወገድለት ማድረግ ይችላል። በትልቅ ከተማ ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ መብት የማስታወቂያ መልእክት ማስቆሚያ ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። በጂዛን፣ በተለይም ከየመን ጋር በሚዋሰኑት በሳምጣ፣ በጡዋል፣ በሐርስ፣ በዓሪዳና በዳኢር ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ ከማስታወቂያ ያልፋል። በድንበር አካባቢ የአንድ ሰው ስም ከየትኛው ስልክ፣ ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው የቤት ኪራይ ጋር ተያይዞ ተገኘ የሚለው ጥያቄ የእንጀራና የነጻነት ጥያቄ ነው።

ድንበር በሕገወጥ መንገድ የሚሻገሩ ሰዎችን ያስገባ፣ ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም በሌላ መንገድ የረዳ ሰው እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ እንደሚጠብቀው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘወትር በሚያወጣቸው መግለጫዎች ያሳስባል። ለድርጊቱ የዋለ ተሽከርካሪና ለመጠለያ የዋለ ቤትም ይወረሳል። ሕጋዊ ኢቃማ ይዞ በሥራው ላይ የሚውል ሰው፣ በስሙ የወጣ ሲም ካርድ በሰው አሸጋጋሪ እጅ ቢገኝ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ንጹሕ ቢሆንም ንጹሕነቱን እስኪያስረዳ ድረስ ከሥራው ይቀራል፣ ከአሠሪው ጋር ይቃቃራል፣ ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብም ይቋረጣል።

ቅጂው የሚበተንበት መንገድ

የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚገኘው በሪያድ፣ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በጅዳ ነው። ከጂዛን ከተማ እስከ ጅዳ ያለው የመኪና መንገድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ውክልና ለመላክ የፈለገ የእርሻ ሠራተኛ፣ እረኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ይህን መንገድ ለመመላለስ ፈቃዱም ገንዘቡም ላይኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቀለው አማራጭ ሰነዱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ሰው በዋትስአፕ መላክ ነው። ያ ሰው በተራው ለሌላ ያስተላልፋል። ጉዳዩ ሲያልቅ ፓስፖርቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ፎቶው ግን ባለፈበት ስልክ ሁሉ ይቀራል።

ይህ አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ሲም ካርድ ሲወጣ፣ ቤት ሲከራዩ፣ ገንዘብ ሲላክ፣ አዲስ ሥራ ሲፈለግ ኢቃማ ይጠየቃል። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቡድኖች «ሥራ አለ፤ የኢቃማ ፎቶና ስልክ ላኩ» የሚል መልእክት ሲወጣ ብዙ ሰው ላኪው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ይልካል። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ይመስላል። ሲደማመር ግን የሰውየው ሙሉ ስም፣ የኢቃማ ቁጥር፣ የአሠሪ ስም፣ የሚኖርበት ከተማና የሚገኝበት ስልክ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ይሰበሰባል።

በአሜሪካና በአውሮፓ «የመረጃ ደላላ» የሚለው ስም የሚሰጠው የሰዎችን አድራሻ፣ ስልክ፣ የግብይት ልማድና የቤተሰብ ሁኔታ ከልዩ ልዩ ምንጮች ሰብስበው ለሚሸጡ ኩባንያዎች ነው። የቬርሞንት ግዛት እነዚህ ኩባንያዎች እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ በ2018 አወጣ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2023 ባጸደቀችው ሕግ መሠረት ነዋሪው አንድ ጊዜ ብቻ በሚያቀርበው ጥያቄ ከተመዘገቡት ደላሎች ሁሉ መዝገብ መረጃውን የሚያሰርዝበት የመንግሥት አገልግሎት ዘርግታለች። ደላሎቹ ከኦገስት 2026 ጀምሮ ቢያንስ በየ45 ቀኑ ጥያቄዎቹን እየተመለከቱ መረጃውን እንዲሰርዙ ሕጉ ያስገድዳቸዋል።

የጂዛን ሠራተኛ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። መረጃውን የያዙት በአንድ መዝገብ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም፤ ሱቅ፣ መክተብ፣ የቀድሞ አሠሪ፣ አከራይ፣ ሹፌርና ጉዳይ አስፈጻሚም ይዘውታል። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ የሚያሰርዝ በር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት የሚያስፈልገው በሕግ ማስመለስ የሚቻለውን፣ በሕግ የማይሰረዘውንና አንዴ ከተሰጠ የማይመለሰውን ነው።

ማስመለስ የሚቻለው

የሳዑዲ ሕግ በንጉሣዊ ድንጋጌ የጸደቀው በሴፕቴምበር 2021 ሲሆን በማርች 2023 ተሻሽሏል። በሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2023 ነው፤ ድርጅቶች አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉም አንድ ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር። አፈጻጸሙን የሚከታተለው በ2019 የተቋቋመው የሳዑዲ የመረጃና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ባለሥልጣን ነው።

ከሕጉ ድንጋጌዎች ውስጥ ለሠራተኛው ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ ያልተወራለት 28ኛው አንቀጽ ነው። የሰውን ማንነት የሚገልጽ፣ በመንግሥት አካል የተሰጠ ሰነድን ፎቶ ማንሳትም ሆነ መቅዳት የሚፈቀደው ሕግ ሲያስገድድ ወይም ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ሲጠይቅ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ኢቃማም ፓስፖርትም እንዲህ ያሉ ሰነዶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሱቅ ወይም አከራይ «ለማስታወሻ» ብሎ ኢቃማ ፎቶ ሊያነሳ ሲል፣ የትኛው ሕግ እንደሚያስገድደው መጠየቅ ተገቢ ነው። አይቶ መመለስ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። የሠራተኛን ፓስፖርት አሠሪ ይዞ ማስቀመጡ ደግሞ ከዚህ ሕግ በፊትም የተከለከለ ነበር።

ሕጉ መረጃ የተሰበሰበበት ዓላማ ሲያበቃ እንዲወገድ ያዛል። ለሥራ ተወዳድሮ ያልተቀጠረ ሰው ያስገባው ሰነድ፣ ከዓመታት በፊት የተለቀቀ ቤት የኪራይ ቅጂ፣ ጉዳዩ የተጠናቀቀለት መክተብ ያስቀመጠው የፓስፖርት ፎቶ፣ ሕግ እንዲቆይ የሚያስገድድበት ምክንያት ከሌለ፣ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። በሰው ስልክ የማስታወቂያ መልእክት ለመላክም የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ላኪውም ተቀባዩ በቀላሉ «አትላኩልኝ» የሚልበትን መንገድ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ጥያቄው ሲቀርብ በቃል ከሚሆን በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። አጭር መልእክት ይበቃል፦ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ሰነድ መቼ እንደሰጠ፣ አሁን ምን እንደሚፈልግ። «በእኔ ስም የያዛችሁትን አሳውቁኝ» ማለት አንድ መብት ነው፤ «የማያስፈልገውን አስወግዱ፤ መወገዱንም አረጋግጡልኝ» ማለት ሌላ መብት ነው። በማንነት ማረጋገጫ ስም አዲስ የኢቃማ ፎቶ ከመላክ ይልቅ ድርጅቱ አስቀድሞ በያዘው ስልክ ቁጥር መልእክቱን መላክ ይሻላል። የተላከበት ቀንና መልእክቱ በስክሪን ፎቶ መቀመጥ አለባቸው። በማስፈጸሚያ ደንቡ መሠረት ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በተለየ ምክንያት እስከ 30 ቀን ሊያራዝም ይችላል። መልስ ካልተሰጠ ወይም ጉዳት ከደረሰ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የአቤቱታው ጊዜ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 90 ቀን ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እንደ ጤና፣ አሻራ፣ ሃይማኖትና የዘር ማንነት ያለ ጥብቅ መረጃን ለመጉዳት ወይም ለግል ጥቅም ብሎ ይፋ ያደረገ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት፣ እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ወይም ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል። በሌሎች ጥሰቶች ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይደርስበታል።

ሳይመዘገቡ የተመዘገቡ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምዕራቡ ዓለም የመረጃ ደላላ በጣም የሚቀርበው ነገር በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ አለ። እንደ ትሩኮለርና ጌትኮንታክት ያሉ መተግበሪያዎች የሚደውለውን ሰው ስም ያሳያሉ። ስሙ ወደ እንዲህ ያለ መዝገብ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የሌሎች ሰዎች የስልክ ማውጫ ነው። አንድ ሰው መተግበሪያውን ጭኖ የማውጫውን ፈቃድ ሲሰጥ፣ በማውጫው ውስጥ ያሉ ወዳጅ ዘመዶቹ ሳይጠየቁ ሊመዘገቡ ይችላሉ። መተግበሪያውን ጭና የማታውቅ የቤት ሠራተኛ ጓደኛዋ በማውጫዋ «እገሊት ሳምጣ» ብላ ከያዘቻት፣ ስሟና ከተማዋ ለማታውቀው ሰው ሊታዩ ይችላሉ።

ከእንዲህ ያለው መዝገብ መውጣት ይቻላል። ሁለቱም መተግበሪያዎች ቁጥርን ከዝርዝራቸው የማስወጫ አሠራር አላቸው፤ አገልግሎቱም ክፍያ የለውም። የትሩኮለር ተጠቃሚ የነበረ ሰው መጀመሪያ አካውንቱን መዝጋት፣ ከዚያ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ከነአገሩ መለያ አስገብቶ ማስወጣት አለበት። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ብቻውን ቁጥሩን ከመዝገቡ አያወጣም። በኋላ መልሶ የጫነው ሰው ቁጥሩም ወደ ዝርዝሩ ሊመለስ ይችላል።

የማይሰረዘው

መብቱን ያልተገባ ተስፋ እንዳያበላሸው ወሰኑም መታወቅ አለበት። የሥራ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃድ መዝገብ፣ የአሻራ መረጃና የፍርድ ቤት ጉዳይ በሠራተኛው ጥያቄ አይሰረዙም። በገንዘብ ማሸሽ መከላከያ ሕግ መሠረት ባንኮችና ገንዘብ አስተላላፊዎች የደንበኛን መዝገብ ቢያንስ ለ10 ዓመት ማቆየት አለባቸው። ይህ መቆየቱ ብዙ ጊዜ ለሠራተኛው ይጠቅማል። ደመወዙ ያልተከፈለው ወይም ያለጥፋቱ ሁሩብ የተባለበት ሰው ማስረጃ የሚያገኘው ከእነዚሁ መዛግብት ነው። በመሆኑም ክርክር ያለበት ሠራተኛ ከአሠሪው ዘንድ ያለ መረጃ ይወገድልኝ ከማለቱ በፊት ቅጂውን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሕጉ ይህንንም መብት ሰጥቶታል።

በስም የተያዘውን ማወቅም የጥበቃው አካል ነው። በሳዑዲ ሲም ካርድ ከአሻራ ጋር መያያዝ የጀመረው በ2016 ነው። የኮሙኒኬሽን፣ የስፔስና የቴክኖሎጂ ኮሚሽን በአንድ ኢቃማ የተመዘገቡ ቁጥሮችን የሚያሳይ «አርቃሚ» የተባለ አገልግሎት አለው። ከዝርዝሩ ውስጥ የማያውቀውን ቁጥር ያገኘ ሰው ቁጥሩን ላወጣው የቴሌኮም ድርጅት ወዲያውኑ ማሳወቅና ማዘጋት አለበት። ሱቅ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አሻራ ደግሞ እንዲሰጥ የተጠየቀ ሰውም ለምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ሲወጣም ዝርዝሩን ማየት ይገባዋል። በናፋዝ መተግበሪያ ላይ የሚመጣን የማረጋገጫ ጥያቄ፣ ባለቤቱ ራሱ ያልጀመረው ከሆነ፣ መቀበል በባዶ ወረቀት ላይ እንደመፈረም ይቆጠራል። የአብሽር የይለፍ ቃልና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ለጉዳይ አስፈጻሚም፣ ለአገር ልጅም አይሰጥም። የማጭበርበር መልእክት የደረሰው ሰው መልእክቱን ወደ 330330 በማስተላለፍ ሊጠቁም ይችላል።

ሕግ የማይደርስበት

ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ነው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደመዘገበው በ2024 ወደ የመን የገቡት ስደተኞች 60,000 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥተው፣ የመንን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ድንበር በሚያመራው በዚህ መንገድ ላይ ሰው አሸጋጋሪዎችና አጋቾች ከመንገደኛው የሚወስዱት ውድ ነገር ብዙ ጊዜ የዘመድ ስልክ ቁጥር ነው። በቁጥሩ ወደ ቤተሰብ ይደወላል፣ የታሰረው ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ገንዘብ ይጠየቃል። በሳዑዲ ሠርቶ የሚኖር ወንድም ወይም እኅት ቁጥር ከተገኘ ደግሞ ይከፍላሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ጥያቄው ወደ እነሱ ሊዞር ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ደላላ «መረጃዬን ሰርዝልኝ» የሚል ደብዳቤ አይላክለትም። ሕጉም ቢሆን በሰው የግል ወይም የቤተሰብ አገልግሎት ብቻ የተያዘን መረጃ፣ ለሌላ እስካልተላለፈና እስካልታተመ ድረስ፣ አይመለከትም። ሆኖም በተያዘው መረጃ ማስፈራራት ሲጀመር ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሸጋገራል። በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ወንጀሎች ሕግ በእነዚህ መሣሪያዎች የሚፈጸም ማስፈራራትንና የግል ሕይወትን መድፈርን እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

በዚህ በኩል የሚቀረው ጥበቃ አስቀድሞ አለመስጠት ነው። በጂዛን የሚኖር ሰው በማኅበራዊ ገጹ ላይ የቤተሰቡን ስም፣ የትውልድ ቀበሌውን፣ የአሠሪውን ቤትና የሚልከውን ገንዘብ ደረሰኝ ሲያወጣ፣ ዘመዱ በእጃቸው ሳይኖር «ይዘነዋል» ለሚሉ አታላዮች ሁሉን ያሟላላቸዋል። ቤተሰብ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ስሙን ራሱ ከመናገር መቆጠብ፣ ዘመዱ ብቻ የሚመልሰውን ጥያቄ መጠየቅና ገንዘብ ከማስተላለፉ በፊት ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠቅመዋል። በቤተሰብ መካከል አስቀድሞ የተስማሙበት የምልክት ቃል ቢኖር ደግሞ ድምፅን አስመስሎ ለሚናገርም መንገዱን ያጠብበታል።

በአገር ቤት ያለው ሕግ

የሠራተኛው መዝገብ ግማሹ በኢትዮጵያ ነው። ከመነሳቱ በፊት በኤጀንሲ፣ በጤና ምርመራ ማዕከልና በሥልጠና ተቋም የሰጠው መረጃ እዚያው አለ፤ የወላጆቹ ስልክና አድራሻም ጭምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ የግል ሕይወት መከበርን ያረጋግጣል። የተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃን የማወቅ፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብቶችን በዝርዝር ደንግጓል። የቁጥጥሩ ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ መሠረት ውሉ ያበቃ ሠራተኛ ወይም ቤተሰቡ፣ በሌላ ሕግ መቆየት የማያስፈልገው መረጃ እንዲወገድ ኤጀንሲውን መጠየቅ ይችላል። የሳዑዲው ሕግ በበኩሉ በአገሪቱ የሚኖርን ሰው መረጃ ከውጭ ሆኖ የሚያስተናግድን አካልም እንደሚመለከት ይደነግጋል። ሁለቱ ሕጎች ሲገናኙ በጂዛን ያለ ሠራተኛ በአንድ ሰነድ ጉዳይ በሁለቱም አገሮች አቤት ለማለት መሠረት ያገኛል።

መብትና አቅም

ይሁንና በወረቀት ያለ መብት በእጅ ካለ መብት ይለያል። ጥያቄ የሚጻፈው በዓረብኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙው ሠራተኛ ደግሞ የሚናገረውን ዓረብኛ አይጽፈውም። ሥራው በአሠሪው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሰው አሠሪውን «ምን ይዘህብኛል?» ብሎ ለመጠየቅ ይፈራል። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ደግሞ፣ መንግሥታዊ የኤሌክትሮኒክስ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚከፈቱት በናፋዝ ስለሆነ፣ ወደ አቤቱታው በር የሚያደርሰው መንገድ ጠባብ ነው። መረጃው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠው ሰው መብቱን ለመጠቀም የሚያንሰው አቅምም ይበልጣል።

ይህን ክፍተት አንድ ሠራተኛ ብቻውን አይሞላውም። ቆንስላው በሩቅ ላሉ ከተሞች በየጊዜው የሚሰጠው ተንቀሳቃሽ አገልግሎት ቢኖርና ቢበዛ፣ የሰነድ ፎቶ በደላላ ስልክ የሚያልፍበት ምክንያት ያንሳል። የማስወገጃ ጥያቄ በዓረብኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ተዘጋጅቶ በማኅበረሰቡ መካከል ቢሰራጭ፣ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ሊሞላለት ይችላል። ጉዳይ አስፈጻሚዎችም ጉዳዩ ሲያልቅ ቅጂውን በባለቤቱ ፊት ማጥፋትን ልማድ ቢያደርጉ የሚያጡት ነገር የለም፤ ሕጉ እንደ ንግድ ሥራ መረጃ የሚይዙ ሁሉ ተጠያቂ መሆናቸውን ስለሚደነግግ ራሳቸውንም ይጠብቃሉ።

እስከዚያው የሚሠራው ሥራ ትንሽ ቢመስልም ጊዜ አይሰጥም። ኢቃማው ለማን ለማን እንደተላከ በዋትስአፕ ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ፣ ላኪው ከራሱ ስልክ ቢሰርዘው ከተቀባዩ ስልክ እንደማይጠፋ ማወቅ፣ ተቀባዩን በስም ጠርቶ እንዲያጠፋው መጠየቅ፣ በስም የተመዘገቡ ቁጥሮችን ማየት። በአበው አነጋገር ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። በሳምጣ ወይም በዳኢር ለሚሠራ ሰው ግን ስሙ ገና በሕይወት ሳለ፣ ቀን ከሌት፣ በማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ይውላል። ሕጉ ያንን ስም ለመጠየቅ 30 ቀን ቆጥሮ የሚሰጥ መብት አምጥቷል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ግን ባለቤቱ ጥያቄውን ካቀረበበት ቀን ነው።